ጨቅላ ወይስ ግልገል

ሸጊቱ ጉተማ አጥንት በማየት ዕድሜያቸውን ከፈጁ ጥቂት የከተማችን ሰዎች አንዷ ናት። ጥንታውያን ከኖሩበት ስፍራ ተቆፍሮ የሚወጣው ስብርባሪ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ይመጣላትና፣ በሙዚየሙ ምድር ቤት በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣ ይህ የበሬ ክርን ነው፣ ይህ የበግ መንጋጋ ነው፣ ይህ ደግሞ ቢላ ያረፈበት የድኩላ ቅልጥም ነው እያለች ለእያንዳንዱ ስሙን ትመልስለታለች። ሥራው ጸጥታ የበዛበት ነው፤ ጸጥታውም አንድ ሰው ገብቶ ሳይናገር እንደቆመበት ክፍል ያለ ነው።

ይህ ጸጥታ ከምድር ቤቱ ደጃፍ አይቀርም። በታክሲ ተጋፍታ ጀሞ ስትገባ አብሯት ይገባል። በዘመድ ቤት ቅቅል ሲቀርብላት፣ ሥጋውን ከመጉረሷ አስቀድማ አጥንቱ የግራ ይሁን የቀኝ፣ የጠቦት ይሁን የአሮጌ በግ ለይታ ጨርሳለች፤ በጉም ሙሉ ሆኖ፣ በአራት እግሩ ቆሞ፣ ከትሪው ማዶ ያያታል። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። የባዮሎጂ መምህርት ሆና ጥቂት ዓመት ካስተማረች በኋላ ወደ ሙዚየሙ በተዛወረችበት ዘመን፣ ስለምደው ያልፋል ብላ አስባ ነበር። ጸጉሯ ሸበተ እንጂ ነገሩስ አላለፈም።

ያረጀን አጥንት ለማወቅ፣ ማንነቱ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ አጥንት በአጠገቡ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የሸጊቱ ሥራ ግማሹ በድን መለመን ነው። በበሽታ የሞተች ጥጃ፣ መኪና የገጨው ጅብ፣ ባለቤቱ የጣለው ውሻ እንዳለ ከሰማች ጠይቃ ትወስዳለች። ትልልቆቹን ፉሪ በሚገኘው በወንድሟ በሁንዴሳ ግቢ ትቀብራቸዋለች፤ ክረምትና በጋ ተፈራርቆባቸው አፈሩ ሥጋቸውን በልቶ ሲጨርስ ቆፍራ ታወጣቸዋለች። ትንንሾቹን ግን ውኃ በሞላ ባልዲ ትዘፈዝፍና፣ ሥጋው በራሱ እስኪለቅ ጠብቃ፣ አጥንቱን በጥጥ ላይ አስተኝታ በጥላ ታደርቃለች። አዲስ የተወለደ እንስሳ አጥንት እሳት አያይም፤ ገና ያልጠና ነውና ይፈርሳል። የሙዚየሙ ምድር ቤት እርጥበት አለበት፤ የማድረቂያው ስፍራ እንግዲህ በጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የገዛ በረንዳዋ ነው።

ከጎኗ የምትኖረው ቤዚ፣ የሞባይል ዕቃ የምትሸጥ ምላሰኛ ወጣት፣ በረንዳዎቹን ከሚለየው ግድግዳ ብቅ ትልና፣ «እትዬ ሸጊቱ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን እግር ነው ያሰጡት? እኔን ስሞት እንዳያሰጡኝ አደራ!» ትላታለች።

ሸጊቱም ቀና ሳትል፣ «አንቺማ ምን አጥንት አለሽ፤ ምላስ ብቻ ነሽ» ብላ ትመልስላታለች።

በዚሁ ቤት የሸጊቱ እናት ወይዘሮ ኦብሴ አብረዋት ይኖራሉ። ፉሪ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ ጤፍና ሽምብራ በሚዘራበት መሬት ላይ ልጆች አሳድገው፣ መሬቱ ለሕንፃ ሲወሰድ፣ ወንድ ልጃቸው እዚያው ፉሪ በተሰጠው ምትክ ቦታ ሲቀር፣ እሳቸው ከሸጊቱ ጋር ወደ ጀሞ የገቡ ሴት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ እንጂ መልክ አይለዩም። ሐኪም እንዲያያቸው ቢለመኑም፣ ማየት የምፈልገውን ሐኪም አያሳየኝም ብለው እንቢ እንዳሉ ቀርተዋል። ስንት ልጆች እንዳሏቸው የሚጠይቃቸው ሰው ሲገኝ መጀመሪያ ሸጊቱን ይጠራሉ፤ ጥቂት ዝም ይላሉ፤ «ያቺ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁንዴሳን የሚጠሩት።

ያቺ ማለት ከሸጊቱ ቀጥላ የተወለደችው ሴት ልጅ ናት። ክርስትና ልትነሳ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ሰማንያው ሳይሞላ፣ ድንገት ትኩሳት ያዛት። ክረምት ነበር። አባትየው አቶ ጉተማ ቄስ ሊጠሩ ቢወጡ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ሲጎድል ተሻግረው ቄሱን ይዘው ሲመለሱ ልጅቱ አርፋለች። ስላልተጠመቀች ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አልገባችም፤ በጓሮ፣ ከግራዋው ሥር፣ ድንጋይ እንኳ ሳይደረግላት ተቀበረች። ስም አልወጣላትምና ቤተሰቡ «ያቺ» እያለ ኖረ። መሬቱ ተወስዶ ካሳ ሲገመት እሷን ያስታወሰ አልነበረም። ዶዘሩ መጣ፤ ግራዋው ተነቀለ፤ በቤቱና በጓሮው ላይ አምስት ፎቅ ቆመበት። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወይዘሮ ኦብሴ እጃቸውን አንሥተው ቤተኛውን ዝም ያሰኛሉ። ምን እንደሚያዳምጡ ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። እሳቸው የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳልሞት ያቺን አንሡልኝ፤ በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር እንኳ ቢሆን አሳርፉልኝ።

ባለፈው በጋ፣ በዚያው በፉሪ ዳገት ላይ፣ ለሌላ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የሸክላ ስብርባሪና የአመድ ንጣፍ ተገኘ። ግንባታው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ገቡበት። ቁፋሮውን የሚመራው ሚሳኤል የሚባል፣ ጠንቃቃና ጨዋ ወጣት ነበር። ሁንዴሳ ለቁፋሮው ስፍራ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ዕድሜ ልኩን በነፃ ለጠበቀው ለአባቱ መሬት አሁን ገና ደመወዝ ተቆረጠለት እያለ በራሱ ላይ ይቀልድ ነበር።

ከጉድጓዱ ከወጡት ከረጢቶች በአንዱ ላይ ሚሳኤል «ግልገል» ብሎ ጽፎ የጥያቄ ምልክት አክሎበታል። ሸጊቱ ይዘቱን አሸዋ በተነጠፈበት ሣጥን ላይ ስትገለብጠው እጇ በዚያው ቀረ። የጨቅላ አጥንት፣ የሰውም ሆነ የፍየል፣ ጫፍና ጫፉ ገና አልተጋጠመም፤ መልክ የሚሰጠው ደግሞ ጫፉ ነውና፣ እሱ ሲጠፋ ሁሉም የተሰባበረ ቀጭን እንጨት ይመስላል። በዚህ ያልተሳሳተ ቆፋሪ፣ በዚህ ያልተሳሳተ ምሁር የለም። ይሁን እንጂ የጎድኖቹ ጥምዝና የጭኑ አጥንት ሙላት ለሸጊቱ በቂ ነበር። ከፊቷ የተኛው የሰው ልጅ ነው። ለወትሮው አጥንቱን ባወቀችው ቅጽበት ባለቤቱ ከጠረጴዛው ማዶ ይቆም ነበር፤ ያን ቀን ግን መቆም የማይችል ነገር መጣባትና ዓይኗን ጨፈነች።

ወዲያው ለሁንዴሳ ደውላ ጉድጓዱ ከድሮው ቤታቸው በስተየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችው። ከጓሯቸው አጥር ጫፍ ነው አላት። ለምን እንደጠየቀችው ገባው፤ ገብቶትም ዝም ማለት አልቻለም፤ በዚያው ቀን ለእናታቸው ነገራቸው።

ሸጊቱ ግን ስልኩን ዘግታ ሥራዋን ሠራች። የጭኑን አጥንት በካሊፐር ለካችው፤ አጠረ። ሰማንያ ቀን ሊሞላት የተቃረበች ልጅ አጥንት ከዚህ ይረዝማል፤ ይህኛው ሕፃን በተወለደ በቀናት ውስጥ ያለፈ ነው። ደግሞም የተኛው ከአመዱ ንጣፍ በታች ነበር፤ አመዱ ደግሞ ከላይ አልተበሳም፤ በኋላ ዘመን ቆፍሮ የቀበረው የለም ማለት ነው። ከሱ በታች ያለ ሁሉ የእናቷን ዘመን ቀርቶ የፉሪን ስም እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ያቺ አይደለችም። ያቺ ከግራዋው ሥር፣ አምስት ፎቅ ተሸክማ፣ እዚያው እንዳለች ናት። ሸጊቱ ይህን ለሁንዴሳ ነገረችው። ለእናቷ ግን ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያለች ቀኑን አሳለፈችው። እናትም አልጠየቁም። በር በተከፈተ ቁጥር ግን ልጃቸው በእጇ ምን እንደያዘች ለመስማት ጆሯቸውን ወደ መግቢያው ያዘነብሉ ነበር።

ሚሳኤል የሸጊቱን ፍርድ በአክብሮት ቢሰማም፣ የሰው ሕፃን ተገኘ ብሎ ለመጻፍ አጥንቱን ከአራስ ግልገል አጥንት ጎን አስተኝቶ ማየት እንደሚሻ ነገራት። ሸጊቱም በእሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። በሙዚየሙ መሳቢያዎች የአራስ ግልገል አጥንት አልነበረም። ላፍቶ ከሚገኝ የፍየል ነጋዴ ሞቶ የተወለደ ግልገል ለምና፣ ሁንዴሳ ግቢ በባልዲ ዘፈዘፈችው። የጭንቅላቱ ሥጋ አልለቅ ስላለ ጭንቅላቱን እዚያው ትታ፣ የቀረውን አጥንት ወደ ጀሞ አምጥታ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ጥጥ አንጥፋ በረንዳው ላይ አኖረችው።

በአንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሥራ ስትመለስ ሁንዴሳን በሳሎኑ ተቀምጦ አገኘችው። ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። እናቷ በአልጋው ጠርዝ ላይ ናቸው፤ በጭናቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሸጊቱ ወደ በረንዳው ሳትወጣ ካርቶኑ ባዶ እንደሆነ አወቀች።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አሉ ወይዘሮ ኦብሴ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ ውጭ ታስተኛታለሽ? ፀሐይ ልሞቅ ስወጣ እጄ ካርቶኑን ነካው። ጥጡን ስነካ አወቅሁ። ለከብት አጥንት ጥጥ የሚያነጥፍ ማን አለ?»

 እናትየው ቀጠሉ። አጥንቱን በለብታ ውኃ አጥበውታል፤ የበዓል ነጠላቸውን ቀደው ጠቅልለውታል። ሁንዴሳን አስጠርተው ወደ ንስሐ አባታቸው ልከውታል፤ ቄሱም ላልተጠመቀች ልጅ ፍትሐት ባይኖርም በአጥሩ ሥር ልታርፍ ትችላለች፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አምጧት ብለዋል።

ሸጊቱ ወንድሟን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ በረንዳው አወጣችው፤ የመስታወቱንም በር ከኋላዋ ሳበችው።

«ጭንቅላቱ እኮ ያንተ ግቢ ባልዲ ውስጥ ነው» አለችው በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው ቄስ ዘንድ የሄድከው? ፍየል ልታስቀብር?»

«ታዲያ ያቺ የት ናት?» አላት ሁንዴሳ። «ንገሪኝና እሷን ላውጣት። ሕንፃውን ከነመሠረቱ ላፍርስልሽ? እማዬ ከትናንት ወዲያ ጀምራ እህል አልቀመሰችም ነበር፤ ዛሬ ጠዋት አጥንቱን ካገኘች በኋላ በላች። በላች እኮ ነው የምልሽ።»

«ውሸት ነው፣ ሁንዴሳ።»

«አንቺ ለሙዚየም እውነቱን ጻፊ። ለእማዬ ግን ምን እንደምትሰጫት አስቢ።»

ግድግዳው ማዶ ቤዚ ልብስ እያሰጣች ኖሮ፣ እንደ ልማዷ ልትናገር አንገቷን ብቅ አደረገች፤ የሁለቱን ፊት ስታይ ግን ምንም ሳትል ተመልሳ ገባች።

ከውስጥ እናታቸው ጠሩ። ሸጊቱ ገብታ በፊታቸው ተንበረከከች። ወይዘሮ ኦብሴ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ፊት በመዳፋቸው አገኙት።

«ሁንዴሳ እሷ ናት ይለኛል» አሉ። «እሱ እኔን ለማስደሰት ብሎ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቱ እንዲህ ነው። አንቺ ግን ከልጅነትሽም ለማስደሰት ብለሽ ተናግረሽ አታውቂም። ያንቺን ልስማ። እሷ ናት?»

ሸጊቱ የማታውቀውን አጥንት ስም ሰጥታ አታውቅም። ሲያጠራጥራት «አልታወቀም» ብላ ትጽፋለች፤ ስለዚህ ነገር ብዙ ተሹፎባታል። ይህኛው ግን አያጠራጥርም። የእናቷ አውራ ጣት በነጠላው ላይ ወዲያና ወዲህ ይሄድ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ቀጥ ያለ ረጅም አጥንት የግልገሉ የፊት እግር፣ ከጉልበቱ በታች ያለው፣ በማንም ሰው አካል ላይ የሌለው አጥንት ነበር። እናቷ እሱን ያሻሹታል። ክንድ መስሏቸዋል።

አይደለችም ብትል እናቷ የሚያጡት ይህን ብቻ አይደለም፤ ከጉድጓዱ የወጣውንም ሕፃን፣ ሊገኝ ይችላል የሚለውንም ተስፋ አብረው ያጣሉ። ናት ብትል ደግሞ ነገ በቅዱስ ስፍራ የሚያርፈው ከላፍቶ ገበያ የመጣ ፍየል ነው፤ ያቺም ከእንግዲህ የሚፈልጋት ሰው አይኖርም።

«እሷ ናት፣ እማዬ» አለች።

 ወይዘሮ ኦብሴ ጥቅሉን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ «ፅጌረዳ ልላት ነበር ያሰብኩት» አሉ። «ለአባታችሁም አልነገርኩትም። ክርስትና ስትነሳ እነግረዋለሁ ብዬ ነው የቆየሁት።»

በማግሥቱ፣ ታላቋ ትያዛት ስለተባለ፣ ጥቅሉን የተሸከመችው ሸጊቱ ናት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው መንገድ ኮረኮንች ነበር፤ በረገጠች ቁጥር አጥንቶቹ በነጠላው ውስጥ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ እሷም ሳትወድ በድምፃቸው ትለያቸዋለች፤ ይህ ትከሻ ነው፣ ይህ አከርካሪ ነው፣ ይህ ጎድን ነው። ቄሱ ጥቂት ራቅ ብለው ቆሙ። መጽሐፍ አልገለጡም፤ መስቀላቸውን ግን በእጃቸው እንደያዙ ነበር። ሁንዴሳ የቆፈራት ጉድጓድ ከክንድ አትጠልቅም። ወይዘሮ ኦብሴ ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ጠሩት፤ ከዚያም ከፍ አድርገው ደገሙት፤ በሕይወታቸው ሁሉ በአፋቸው ያልወጣ ስም ስለነበር ድምፃቸው ተሰናከለበት። አፈሩ ሲመለስ ሸጊቱ ከአጥሩ በኩል የሆነ ነገር እንዳለ ተሰማት። ቀና ብላ ማየት አልነበረባትም። ግልገሉ እዚያ ቆሟል፤ ራስ የለውም፤ ያም ሆኖ ወደ እሷ ዞሯል።

ሲመለሱ ካፊያ ያዛቸው። በታክሲው ጣሪያ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሸጊቱና ሁንዴሳ ተያይተው የእናታቸውን እጅ ጠበቁ። እጁ አልተነሣም። ወይዘሮ ኦብሴ ራሳቸውን በመስኮቱ ላይ አስደግፈው ተኝተው ነበር፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲል እንኳ አልነቁም።

ሰኞ ዕለት ሚሳኤል ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ሪፖርቱን ሳይጽፍ ቆይቷልና ግልገሉ ደርቆ እንደሆነ ጠየቃት።

«አይመጣም» አለችው ሸጊቱ።

ምን እንደደረሰበት ቢጠይቃት፣ አይመጣም ብላ ደገመችለት እንጂ ምክንያት አልሰጠችውም።  ፊቷን አይቶ ይሁን አክብሯት አይታወቅም፣ ወጣቱ ነገሩን አላጠበቀባትም። በአሸዋው ላይ ወደተኛው ሕፃን ዞሮ ሲያየው ቆየና፦

«ይሁን፣ እትዬ ሸጊቱ። እውነቱን ለመናገር የርስዎ ቃል ለኔ ከግልገል ይበልጣል። በዚህ ቤት ስንሠራ እርስዎ ነው ያሉት ነገር ሳይሆን የቀረበትን ቀን አላስታውስም። የሰው ልጅ ነው ካሉኝ በቃልዎ እጽፋለሁ» አላት።

ሸጊቱ ልትመልስለት ፈለገች። የሚጠበቅባት አንዲት አጭር ቃል ነበረች፤ ቃሏም እውነት ነበረች። ግን ባለፈው ቅዳሜ በእናቷ ጉልበት ሥር የተናገረችው በዚሁ አፍ፣ በዚሁ ጸጥ ባለ ድምፅ ነበር፤ ያኔም እናቷ ያመኗት የዚህን ወጣት በመሰለ ፊት ነው።

«በቃሌ አትጻፍ» አለችው።

ሚሳኤል ግራ ተጋባ። የሰው አይደለም ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት። አይደለም አላለችም፣ ነው አላለችም፤ ሌላ ግልገል እስክታገኝ እንዲታገሣት ብቻ ለመነችው። ከረጢቱን ባለበት ትቶ፣ ደረጃውን ቀስ እያለ ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር የጭኑን አጥንት አንሥታ በካሊፐሩ ጥርሶች መካከል አኖረችው። ቁጥሩ የቀድሞው ነበር። ስለ አመዱ የተጻፈውን አነበበች፤ እሱም የቀድሞው ነበር። ያቺ አይደለችም። ይህን እንደምታውቅ ታውቅ ነበር። ካሊፐሩን ከፈተች፤ አጥንቱን አገላበጠች፤ እንደገና ለካችው።